መሪው ነገ ባይመጣስ? ለበጎ ፈቃድ የሶፍትዌር ቡድን አስተዳደር ስለመምረጥ

በጁላይ 2018 ጊዶ ቫን ሮሰም ለፓይተን ሰዎች አንድ ኢሜይል ላከ። ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የጀመረው እሱ ነው። ወደ 30 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የመጨረሻዋ ቃል የእሱ ነበረች። በቀልድ «የዕድሜ ልክ ደጉ አምባገነን» ይሉታል። ኢሜይሉ ግን ቀልድ አልነበረም። በቃኝ፣ ደክሞኛል፣ ተተኪም አልሾምላችሁም የሚል ነው። አስከትሎም ጠየቀ፦ እንግዲህ ምን ልታደርጉ ነው? ዲሞክራሲ? ሥርዓት አልበኝነት? አምባገነንነት? ፌዴሬሽን?

እዚህ አገር ያደገ ሰው ይህን ዝርዝር ሲያነብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ያልሞከርነው የትኛው ነው?

ጊዶን ያስመረረችው አንዲት ምልክት ናት። ሁለት ነጥብና የእኩል ይሆናል ምልክት አጠገብ ለአጠገብ ሲጻፉ። ይህች ነገር ወደ ቋንቋው ትግባ አትግባ በሚል ረጅም ጭቅጭቅ ተነሳ። እሱ ትግባ ብሎ ወሰነ፣ ገባችም። ግን ለአንዲት ምልክት ይህን ያህል ተሟግቶ፣ ብዙ ሰው ውሳኔውን ሲጠላበት ማየት ሰለቸው።

ይህን የምጽፈው ትንሽም ይሁን ትልቅ የኦፕን ሶርስ፣ ማለትም ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር፣ ቡድን ላላችሁ ሰዎች ነው። የአማርኛ ኪቦርድ የምትሠሩ አምስት ልጆች ትሆኑ ይሆናል። ወይም ግማሻችሁ አዲስ አበባ፣ ግማሻችሁ ዋሽንግተን ሆናችሁ የፊደል ማረሚያ ትጽፉ ይሆናል። ደመወዝ የለም፣ አለቃ የለም። ሥራው ግን እያደገ ነው፣ ጭቅጭቁም እንደዚያው። እንዴት እንተዳደር የሚለው ጥያቄ አንድ ቀን ይመጣል። አማራጮቹን አንድ በአንድ አያለሁ። ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው፤ የእኛን ስጠቅስ እናገራለሁ።

አስቀድሞ፣ ቁልፉ ማን ጋ ነው?

ብዙ ቡድን ስለ አስተዳደር ማውራት ሲጀምር ቶሎ ወደ ምርጫና ድምፅ አሰጣጥ ይሮጣል። እኔ ሌላ ነገር እጠይቃለሁ። የድረ ገጹ ስም፣ ማለትም ዶሜይኑ፣ በማን ስም ነው የተገዛው? ኮዱ የሚቀመጥበት የጊትሀብ አካውንት ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለው ማን ነው? ሶፍትዌሩ ወደ ተጠቃሚ የሚላክበት ፓስወርድ ማን ጋ ነው? መዋጮው የሚገባው በማን አካውንት ነው?

ሴንት ኦኤስ ላይ የደረሰውን እዩ። በዘመኑ በዓለም ላይ ስንትና ስንት ሰርቨር የሚሠራበት ሲስተም ነበር። በጁላይ 2009 አዘጋጆቹ በገጻቸው ላይ ግልጽ ደብዳቤ ለጠፉ። ደብዳቤው የተጻፈው ለአንዱ መሥራች ነው። ዶሜይኑ በእሱ እጅ ነው፣ የመዋጮው ገንዘብም እንዲሁ። እሱ ግን ድምፁን አጥፍቷል። ስልክ አያነሳም፣ ኢሜይል አይመልስም። እስቲ አስቡት፣ በሺህ የሚቆጠር ድርጅት የሚተማመንበት ሥራ የአንድ ሰው መምጣት አለመምጣት ላይ ተንጠልጥሎ። ደግነቱ ደብዳቤው ከወጣ በቀናት ውስጥ ሰውዬው ተገኘና ነገሩ ተፈታ።

በትንሹ እኔንም ደርሶብኛል። አራት ሆነን የቃላት ዝርዝር እናሰናዳ ነበር። ዶሜይኑን ከመካከላችን አንዱ በዩኒቨርሲቲ ኢሜይሉ ገዛው። ተመረቀ። ኢሜይሉ ተዘጋ። አድሱ የሚለው ማስታወቂያ ማንም ወደማያነበው ሳጥን ሲላክ ከረመ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ገጻችንን ስንከፍት የጫማ ማስታወቂያ ተቀበለን። ያን ሰሞን መሪ ይኑረን ወይስ ኮሚቴ እያልን እንከራከር ነበር።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ስታነቡ ይህችን ጥያቄ አትልቀቋት። የትኛውም አስተዳደር ቁልፉ አንድ ኪስ ውስጥ ካለ ያው የአንድ ሰው አስተዳደር ነው። ወረቀቱ ላይ ምንም ይጻፍ።

አንድ ሰው ይምራ

አብዛኛው ፕሮጀክት የሚጀምረው እንዲህ ነው። አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው ያግዛል፣ የጻፈው ይወስናል። ማንም አልመረጠውም፣ ማንም አልተቃወመውም።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ፍጥነት አለው። ሥራው አንድ ጣዕም ይኖረዋል፣ እንደ አንድ ሰው እጅ ወጥ። ሊነስ ቶርቫልድስ ሊነክስ የተባለውን የኮምፒውተር ሲስተም እምብርት በ1991 ሄልሲንኪ ሆኖ ጀመረው፣ እስከ ዛሬም የመጨረሻው በር እሱ ነው። በየዘጠኝ አሥር ሳምንቱ አዲስ እትም ይወጣል። ግን አንድ ሰው ይምራ ሲባል ብቻውን ይሥራ ማለት አይደለም። ሊነስ ጋ የሚደርሰው ኮድ አስቀድሞ በየክፍሉ ኃላፊዎች እጅ ተጣርቷል። እሱ በአብዛኛው የሚያምነው ሰዎቹን ነው።

ይህ የታየው በሴፕቴምበር 2018 ነው። ሊነስ ለዓመታት በሰው ላይ ሲሳደብ መኖሩን አምኖ ይቅርታ ጠየቀ፣ ለጊዜው ዞር ልበል አለ። ግሬግ ክሮህ ሃርትማን የሚባለው የረጅም ጊዜ ባልደረባው 4.19 የተባለውን እትም ተረክቦ ጨረሰ። ሊነስ በኦክቶበር ተመለሰ። ሥራው አንድ ሳምንት እንኳ አልቆመም። አንድ ሰው የሚመራው ቡድን ጤነኛ መሆኑን ማወቅ ከፈለጋችሁ እንዲህ ዓይነት ወር ስጡት። መሪው ለአንድ ወር ኮምፒውተሩን ዘግቶ ገጠር ቢሄድ ምን ይቆማል?

ቪምን ደግሞ እዩ። ቪም የጽሑፍ ማረሚያ ነው፣ ፕሮግራመሮች የሚምሉበት። ብራም ሞለናር የተባለው ሆላንዳዊ ከ1991 ጀምሮ ከ30 ዓመት በላይ ያዘው። ለሶፍትዌሩ ክፍያ አልጠየቀም። የሚወድ ሰው ካለ በደቡብ ኡጋንዳ ኪባሌ ላሉ ሕፃናት ይርዳ ይል ነበር። ያዋጣ ሰው ቀጥሎ ምን ይጨመር በሚለው ላይ ድምፅ ይሰጣል። ይህን ያህል ደግ አምባገነን ከየት ይመጣል! ሆኖም በ2014 አንዳንዶቹ የላኩት ትልቅ ለውጥ ተቀባይነት ሲያጣ ኮዱን ይዘው ኒዮቪም ብለው ጎጆ ወጡ። ኦፕን ሶርስ ውስጥ ፎርክ የሚሉት ይህንን ነው። ብራም በኦገስት 2023 አረፈ። ለዓመታት አብሮት የሠራው ክርስቲያን ብራባንት ተረከበ። በጃንዋሪ 2024 የወጣው ቪም 9.1 ለብራም መታሰቢያ ተደረገ። ርክክቡ የተሳካው ሥራውን ከውስጥ የሚያውቅ ሰው ቀድሞ ስለነበረ ነው።

የእኔ ፍርድ፦ ከአምስት ሰው በታች ከሆናችሁ ይህ ይሻላችኋል። ኮሚቴ ለማቋቋም አትድከሙ። አራት ሆናችሁ ሊቀመንበር፣ ምክትል፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ብትሆኑ ኮድ የሚጽፍ ሰው አይተርፍም። አንድ ሁኔታ ብቻ አለኝ። ምክትሉ ዛሬ ይሰየም፣ ስሙም ይጻፍ፣ ቁልፉም እጁ ይግባ።

የተመረጠ ምክር ቤት

ወደ ፓይተን እንመለስ። ጊዶ ከሄደ በኋላ ሰዎቹ በአንድ ጊዜ አልተነሱም፣ አልተበተኑምም። እኔ ከሁሉ የሚገርመኝ ይህ ነው። ሰባት የተለያዩ የአስተዳደር ሐሳቦች በጽሑፍ ቀረቡ። አንደኛው ሌላ አንድ መሪ እንተካ ይላል። ሌላው ሦስት ሰው ይሁን ይላል። ጭራሽ መሪ አያስፈልገንም ያለም ነበር፣ ከውጭ ዳኛ እናምጣ ያለም። በዲሴምበር 2018 ድምፅ ሰጡ። አምስት አባላት ያሉት ምክር ቤት የሚለው አሸነፈ፣ በ2019 መጀመሪያ ላይም የመጀመሪያዎቹ አምስት ተመረጡ።

ደንቡ ውስጥ ሦስት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ከአምስቱ ከሁለት በላይ የአንድ ቀጣሪ ሠራተኛ መሆን አይችሉም። ሰው ሥራ ሲቀይርና ሦስተኛ ሲሆን ከምክር ቤቱ ይለቅቃል። ሁለተኛ፣ ምርጫው የቀን መቁጠሪያን አይከተልም፣ ዋና እትም በወጣ ቁጥር ይደረጋል። ሥራውና ምርጫው አብረው ይሄዳሉ። ሦስተኛ፣ ምክር ቤቱ ሥልጣኑን በተቻለ መጠን እንዳይጠቀምበት ራሱ ደንቡ ይመክረዋል። ሰዎች ተነጋግረው ቢስማሙ ይሻላል፣ ካልሆነ ብቻ ይግባ። እንደ ሽማግሌ ነው። ባልና ሚስቱ ራሳቸው ከታረቁ ማን ይጠራዋል?

የምክር ቤት ደካማ ጎኑ ሌላ ቦታ ነው። ምክር ቤቱን ራሱን ማን ይዳኘዋል? ረስት በተባለው ቋንቋ ቡድን ውስጥ ይህ ጥያቄ ፈንድቷል። በኖቬምበር 2021 የሥነ ምግባር ጉዳዮችን የሚያዩት ሰዎች በሙሉ በአንድ ቀን ለቀቁ። ምክንያታቸው የበላዩ ቡድን ለማንም ተጠያቂ አይደለም የሚል ነበር። ዕርቅ የሚያወርዱት ራሳቸው ሲያኮርፉ ምን ይደረጋል? አዲስ የአመራር ምክር ቤት እስኪቋቋም 2023 ደረሰ። ፓይተን ለዚህ ቀዳዳ አበጅቶለታል፤ ዋና አዘጋጆቹ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ምክር ቤቱን ማውረድ ይችላሉ። ምክር ቤት ካቋቋማችሁ የሚወርድበትንም በር አብራችሁ ሥሩ። ከወረዱ በኋላ የሚሠራ በር አይጠቅምም።

አሥርና ከዚያ በላይ ንቁ ሰው ካላችሁ፣ በተለይ ከተለያየ አገርና መሥሪያ ቤት ከሆናችሁ፣ እኔ ይህን እመርጥላችኋለሁ። ለእናንተ አምስትም ይበዛል። ሦስት ይበቃል።

ሕገ መንግሥት ያለው፦ ዴቢያን

ዴቢያን በሊነክስ ላይ የተገነባ ሙሉ የኮምፒውተር ሲስተም ነው፤ በ1993 በኢያን መርዶክ ተጀመረ። ስሙ የእሱና የያኔዋ ፍቅረኛው የዴብራ ስም ተገጣጥሞ የወጣ ነው። በ1998 ሕገ መንግሥት አጸደቀ። አዎ፣ እንደዚያ ነው የሚሉት። በየዓመቱ መሪ ይመርጣሉ። መሪው ግን እንደ ስሙ አይደለም። የማንንም ኮድ አስገቡ፣ አውጡ ብሎ ማዘዝ አይችልም። በጋራ ድምፅ የሚጻፍ ውሳኔ ከእሱ በላይ ነው።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የድምፅ አሰጣጡ ለየትኛውም ቡድን ይጠቅማል። ዴቢያን ውስጥ መራጩ አንድ ምርጫ ላይ ምልክት አያደርግም። ሁሉንም በደረጃ ይደረድራል። አንደኛ ይህ፣ ሁለተኛ ያ። ከዚያ አማራጮቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ይጋጠማሉ።

ለምሳሌ ዘጠኝ ሆናችሁ ኪቦርዱ ላይ የፊደሎቹ አቀማመጥ ከሦስት የቱ ይሁን ትላላችሁ እንበል። ሀ፣ ለ እና ሐ እንበላቸው። አራቱ ሀን ይወዳሉ፣ ቀጥሎ ሐን፣ መጨረሻ ለን። ሦስቱ ለን ይወዳሉ፣ ቀጥሎ ሐን፣ ሀን ግን ማየት አይፈልጉም። ሁለቱ ሐን ያስቀድማሉ፣ ከዚያ ለን፣ መጨረሻ ሀን። እንደተለመደው እጅ ብታወጡ ሀ በአራት ድምፅ ያሸንፋል። አምስት ሰው ግን መጨረሻ ያደረገው ነው። በዴቢያን መንገድ ሐ ከሀ ጋር ሲጋጠም አምስት ለአራት ይረታል። ከለ ጋር ሲጋጠም ስድስት ለሦስት። አንደኛ ያደረጉት ሁለት ሰዎች ብቻ የነበሩት ሐ አሸነፈ። ሁሉም «ይሁን ግድ የለም» የሚለው ነው። ቡድን የሚያፈርሰው ብዙ ጊዜ ተሸናፊው ያልወደደው ውሳኔ አይደለም፣ ሊኖርበት የማይችለው ነው። ፓይተንም በ2018 የተጠቀመው ይህንኑ የደረጃ አሰጣጥ ነው።

ሌላም አለ። ወረቀቱ ላይ ሁልጊዜ «አንዳቸውም አይሁኑ» የሚል አንድ መስመር ይገኛል። ተወዳዳሪ ይህን መስመር ካልረታ አይመረጥም። አንድ ሰው ብቻ የቀረበበትን ምርጫ ስንቱን ጊዜ በጭብጨባ አሳልፈናል!

ይህ ሁሉ ታዲያ ከጠብ አላዳናቸውም። በ2014 ሲስተምዲ የተባለው ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ሲነሳ ቀድሞ የሚሠራው ይሁን አይሁን በሚለው ተከፋፈሉ። የቴክኒክ ኮሚቴው ስምንት አባል ነበረው። አራት ለአራት ሆነ። በሰብሳቢው ድምፅ ተወሰነ። ያዘኑት ወጥተው ዴቭዋን የሚባል ጎጆ ቀለሱ። ኮሚቴያችሁን ጎዶሎ ቁጥር አድርጉት የሚለው የድሮ የእድር ምክር ያለ ምክንያት አልመጣም።

በ2019 ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። ለመሪነት ዕጩ የሚመዘገብበት ጊዜ አለቀ፣ አንድም ሰው አልተመዘገበም። ደንቡ ለዚህም መልስ ነበረው፤ በአንድ ሳምንት ይራዘማል። ተራዘመ፣ ሰዎች ቀረቡ፣ ምርጫው ተደረገ። ማንም ሰው ወንበሩን ባልፈለገበት ሳምንት ሥራው ሳይቆም ቀጠለ። ደንብ የሚጻፈው ለዚህ ዓይነቱ ሳምንት ነው።

ለማን ይሆናል? ለመቶዎች። ዴቢያን አንድ ሺህ ገደማ ድምፅ ሰጪ አለው። ሃያ ሰው ሆናችሁ ሕገ መንግሥት ብታረቅቁ አንቀጹን ስታሻሽሉ ትኖራላችሁ። የድምፅ አሰጣጡን ግን ስረቁት።

ዝም ያለ ተስማማ

ብዙ የኦፕን ሶርስ ፕሮጀክቶችን የሚያቅፈው አፓቼ በ1999 በድርጅትነት ከተቋቋመ ጀምሮ በዚህ መንገድ ይሠራል። አንድ ሰው እንዲህ ላደርግ ነው ብሎ ይጽፋል። ብዙውን ጊዜ 72 ሰዓት ይጠብቃል። ማንም ካልተቃወመ ተስማምቷል ማለት ነው፣ ይቀጥላል። ድምፅ ካስፈለገ ደጋፊ ፕላስ አንድ ብሎ ይጽፋል፣ ተቃዋሚ ማይነስ አንድ። የኮድ ለውጥ ላይ ድምፅ ያለው አንድ ሰው ማይነስ አንድ ካለ ነገሩ ይቆማል፣ ግን ቴክኒካዊ ምክንያቱን ማቅረብ አለበት። ደስ አላለኝም ማለት አይበቃም። አዲስ እትም ለማውጣት ደግሞ ቢያንስ ሦስት ደጋፊ ያስፈልጋል፣ እዚያ ላይ አንድ ሰው ብቻውን ማገድ አይችልም። ሰው የሚሳተፈው በግሉ ነው፣ መሥሪያ ቤቱን ወክሎ አይደለም።

መንገዱን እወደዋለሁ። ስብሰባ የለውም። ለሚሠራ ሰው መንገድ ይለቅለታል። የሚያወራውን ብቻ አያዳምጥም።

ለእኛ ዓይነቱ ቡድን ግን 72 ሰዓቷ ላይ እከራከራለሁ። ዓርብ ስቅለት ዕለት የተላከ ሐሳብ ሰኞ ሲነጋ ጸድቆ ይጠብቃችኋል። ሦስቱን ቀን ማን ኮምፒውተር ከፈተ? አዲስ አበባና ዋሽንግተን መካከል እንደ ወቅቱ ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት ልዩነት አለ። አንዱ ከሥራ ሲወጣ ሌላው ቡና እያፈላ ነው። ኢንተርኔቱስ? በእኛ 2012 ሰኔ ማብቂያ ላይ በአገሪቱ ሙሉ ተዘግቶ ሳምንታት ፈጀ። ያን ጊዜ አገር ቤት ያለ ሰው ዝም ያለው ስለተስማማ አልነበረም። ስለዚህ ይህን ከመረጣችሁ ቀኑን ሰባት አድርጉት። ከየአገሩ ቢያንስ አንድ ሰው አይቻለሁ ይበል። ዝምታ ስምምነት የሚሆነው መናገር ለሚችል ሰው ነው።

ኩባንያ ይያዘው

ይህን ቶሎ ልለፈው። አንድ ኩባንያ ደመወዝ ከፍሎ ያሠራል፣ በጎ ፈቃደኛ ዳር ዳር ያግዛል። ሥራው ይፈጥናል። አቅጣጫው ግን የገበያው ነው። ሃሺኮርፕ የተባለው ኩባንያ በ2023 የቴራፎርም ሶፍትዌሩን ፈቃድ፣ ማለትም ሰው ኮዱን በምን ሁኔታ መጠቀም እንደሚችል የሚደነግገውን ውል፣ ቀየረ፤ ሬዲስ የተባለው ኩባንያም በ2024 የራሱን ሶፍትዌር እንዲሁ። በሁለቱም ጊዜ ሰዎች የቀድሞውን ኮድ ይዘው ወጡ፤ ኦፕን ቶፉና ቫልኪ የተወለዱት እንዲህ ነው። ከዚያ በፊት ኦራክል የተባለው ኩባንያ በ2010 ሰን የተባለውን ኩባንያ ሲገዛ ኦፕን ኦፊስ የተባለው የቢሮ ሶፍትዌር አብሮ እጁ ገባ። በጎ ፈቃደኞቹ ሰግተው በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ሊብሬ ኦፊስን መሠረቱ። ዛሬ ሰው የሚጠቀመው በአብዛኛው ሊብሬውን ነው።

ኩባንያ ሊያግዛችሁ ቢመጣ እንኳን ደህና መጣህ በሉት። ከመፈረማችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ፈልጉ። የምትጽፉት ኮድ ባለቤትነት ለእሱ ይሰጣል ወይ? ወይም በፈለገው ፈቃድ መልሶ እንዲያወጣው ትፈቅዱለታላችሁ? ይህ ካለ ነገ ፈቃዱን ቢቀይር የምትከሱት ሰው የለም። ፈርማችኋል።

ገንዘቡስ?

ይህኛው ራሱን የቻለ የአስተዳደር ዓይነት አይደለም፣ ከየትኛውም ጋር ይሄዳል። በራስ ስም ማኅበር ማስመዝገብ ጣጣው ብዙ ነው። ሌላ የተቋቋመ ድርጅት ጥላ ሥር መግባት ይቻላል። እሱ ገንዘቡን ይይዛል፣ ዶሜይኑን በስሙ ያደርጋል፣ ሒሳቡን ያቀርባል። ለዴቢያን ተብሎ በ1997 የተቋቋመው ሶፍትዌር ኢን ዘ ፐብሊክ ኢንተረስት ዛሬ ለብዙ ፕሮጀክት ይህን ያደርጋል፣ ከሚገባው መዋጮ 5 በመቶ ይወስዳል። ሶፍትዌር ፍሪደም ኮንሰርቫንሲ 10 በመቶ ይወስዳል፣ በምትኩ የሕግ ሰዎች አሉት። ልዩነቱ ይህ ነው፦ ገንዘብ ማስቀመጫ ብቻ ከፈለጋችሁ ርካሹ፣ የንግድ ስምና የፈቃድ ክርክር የሚያሰጋችሁ ከሆነ ውዱ።

ጥላም ግን ይቀደዳል። ኦፕን ኮሌክቲቭ ፋውንዴሽን በ2024 መጀመሪያ ላይ ልዘጋ ነው ሲል ጥላው ሥር የነበሩ ቡድኖች በወራት ውስጥ ሌላ ቤት መፈለግ ነበረባቸው። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» የተባለው ለባንክ አካውንትም ይሠራል።

ነገን ማቀድ ሲባል

ስለ ነገ ሲነሳ ሰው የሚጽፈው የሥራ ዕቅድ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ይህን እንጨምራለን፣ በዚያኛው ያንን። እሱ ደህና ነው። በጎ ፈቃደኛ ቡድን የሚሞተው ግን ዕቅድ አጥቶ አይደለም፣ ሰው ደክሞበት ነው።

ኤክስዚ የተባለችው ትንሽ ፕሮግራም ፋይል ታጭቃለች። ሊነክስ ባለበት ሁሉ አለች። ለዓመታት አንድ ሰው በትርፍ ሰዓቱ ያዛት። ደከመው፣ መታመሙንም በግልጽ ተናገረ። በ2022 የማይታወቁ ሰዎች ወጥረው ይጽፉለት ጀመር፦ ቀርፋፋ ነህ፣ ሌላ ሰው ለምን አታስገባም። አንድ ትሁትና ታታሪ የመሰለ አጋዥ ደግሞ አጠገቡ ነበር። ኮድ ይልካል፣ አያማርርም። ቀስ በቀስ ቁልፉን አገኘ። በ2024 መጀመሪያ በወጡት 5.6.0 እና 5.6.1 እትሞች ውስጥ የሰው ሰርቨር መክፈቻ ስውር በር ተገኘ። ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ነው። ወደ ሰርቨር ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየበት። ለምን ብሎ ቆፈረ። ግማሽ ሰከንድ!

ብዙዎች ከዚህ የተማሩት እንግዳን አትመኑ የሚለውን ነው። እኔ ሌላ ነገር አየሁበት። ያ ሰው ተተኪውን የመረጠው ተዳክሞና ተወጥሮ ነው። ርክክብ ጉልበት ባለበት ጊዜ ሲደረግ ለመምረጥ ጊዜ አለ፣ ሰውን ለሁለትና ሦስት ዓመት ማየት ይቻላል፣ በቪዲዮ ፊቱን ማየት ይቻላል። ሳይቃጠል በቅጠል።

ስለዚህ የትኛውንም አስተዳደር ብትመርጡ ሁለት ገጽ ጻፉ። አንደኛው ገጽ ላይ ቁልፎቹ ይዘርዘሩ። ፓስወርዱ አይደለም፣ ማን እንደያዘው። ከእያንዳንዱ አጠገብ ሁለት ስም ይኑር። ሁለቱ ሰዎች ባልና ሚስት፣ ወይም የአንድ ቢሮ ሰዎች፣ ወይም የአንድ ከተማ ነዋሪዎች አይሁኑ። ዶሜይኑ የሚያልቅበት ቀን ይጻፍ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ውሳኔ እንዴት እንደሚወሰን፣ ሰው እንዴት እንደሚገባና በተለይ እንዴት እንደሚወጣ። ዓመት ሙሉ ያልታየ ሰው ቁልፉን ይመልስ፣ ስሙ ግን በክብር ዝርዝሩ ላይ ይቆይ። ይህ መስመር ከሌለ ቁልፍ ውሰድበት ማለት ስድብ ይመስላል፣ ማንም ደፍሮ አይናገረውም። ይሉኝታችንን ታውቃላችሁ።

ወረቀቱን በዓመት አንዴ ክፈቱት። እኛ በመስከረም አድርገነዋል፣ እንቁጣጣሽ ሰሞን ሁሉም ሰው ስለሚገናኝ። አንዱ እንደሌለ እናስመስላለን። ለምሳሌ ዘንድሮ ሰናይት የለችም እንላለን፣ እሷ አፏን ዘግታ ትቀመጣለች። ሌሎቻችን አንዲት ትንሽ ማስተካከያ ለተጠቃሚ ለመላክ እንሞክራለን። የመጀመሪያው ጊዜ አልቻልንም። የሁለት ደረጃ ማረጋገጫው ኮድ የሚመጣው በእሷ ስልክ ብቻ ነበር። እሷ እየሳቀች፣ እኛ እያፈርን።

ጊዶስ? ተተኪ አልሾምም ብሎ የሄደው ሰው በመጀመሪያው ምክር ቤት ምርጫ ተወዳደረ። ከአምስቱ አንዱ ሆኖም ተመረጠ፣ ከሌሎቹ አራት እኩል አንድ ድምፅ ይዞ። ለሚቀጥለው ዙር ራሱን ከውድድር አወጣ። ኮድ መጻፉን ግን አልተወም።